ፍሬን የዘጋ አብሮ ይወርዳል

መካኒሳ ያለውን የአቶ ማሞን ጋራዥ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ገዲሴ በንቲን ያውቃታል፤ ስሟን ግን አያውቅም። «አጣቢዋ» ነው የሚላት። ከበሩ በስተግራ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከበርሜል ተቆርጦ በተሠራ ገንዳ ፊት ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ከመኪና ተፈቶ የመጣላትን ብረት ሁሉ በነጭ ጋዝ ታጥባለች። ዘጠኝ ዓመት አጥባለች። ነጭ ጋዙ የእጇን ወዝ መጥጦ መዳፏን በበጋ እንደ ደረቀ ዋልካ ሰነጣጥቆታል። ማታ ቅቤ ትቀባዋለች፤ በማግስቱ እኩለ ቀን ሳይሞላ ያው ነው።

ወደዚህ ገንዳ ያመጣት የባሏ ሞት ነው። ዋቅጅራ የአቶ ማሞ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ጨው ጭነው ወደ ጅማ ሲሄዱ የጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። መሪውን የያዙት አቶ ማሞ አንድ እግራቸውን ሰጥተው ተረፉ፤ ዋቅጅራ እዚያው ገደል ውስጥ ቀረ። ያን ፍሬን በዋዜማው አድሶ የዘጋው መካኒክ በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ተቀምጦ ምሳውን ይበላ ነበር። ገዲሴ ስለ አደጋው ከሰማችው ሁሉ ልቧ ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረው ይህ ምሳ ነው። እንባዋ ዓመት ሳይሞላው ደረቀ፤ ንዴቷ ግን አልደረቀም።

አቶ ማሞ ከሐኪም ቤት ሲወጡ መንዳቱ ቀርቶ ጋራዥ ከፈቱ። ከበሩ በላይ በቀይ ቀለም አንድ መስመር አጻፉ፤ «ፍሬን የዘጋ አብሮ ይወርዳል» የሚል። የጋራዡ ሕግ ይህ ሆነ። ጎማ ፈትቶ ፍሬን ያደሰ መካኒክ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መኪናው እስከሚያገኘው የመጀመሪያ ትልቅ ቁልቁለት ድረስ ተሳፍሮ አብሮ ይወርዳል፤ በማግስቱ በአውቶቡስ ይመለሳል። ወደ ጎጃም ለሚሄድ መኪና ዓባይ ነው፤ ወደ ጅማ ለሚሄድ ጊቤ። ለሟቹ ሚስት ደግሞ ገንዳውን ሰጧት።

ሕጉ ለጋራዡ ስም አወጣለት። ሾፌሮች ሌላውን ጋራዥ ሁሉ እያለፉ መኪናቸውን እዚህ ያስፈታሉ። ቃሉ ከማን ደም እንደ ተቀዳ ግን አዲስ የሚቀጠሩት አያውቁም፤ የቆዩትም ረስተዋል። ገዲሴ ማንበብ አትችልም። ጠዋት ጠዋት ከመስመሩ ሥር ስታልፍ ቀና ብላም አታየውም። ምን እንደሚል ከማንም በላይ ታውቃለች።

ፊደል ባታነብም ብረት ታነባለች። መካኒኮቹ ብረቱን የሚያዩት ሲፈቱትና ሲገጥሙት ነው፤ በመካከሉ ምን ሆኖ እንደ ከረመ የሚታየው ገንዳው ውስጥ ነው። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው በዘንጉ ላይ እንዲሽከረከር የሚያደርገው፣ ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ ብረቶች በቀለበት ዙሪያ የተሰደሩበት። አጥባ ታደርቀውና ከጆሮዋ ሥር ያለው አጥንት ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ታዞረዋለች። ጤነኛው እንደ ውኃ ያልፋል። የታመመው ያፋጫል። ዓመታት ሲደጋገሙ ደግሞ አንድ ነገር ገባት። በልክ የተዘጋ ኩሽኔታ ግራጫነቱን እንደ ያዘ ተመልሶ ይመጣል፤ አለቃ ነጋ የዘጋው ግን፣ ከትንሽ መኪና የመጣ እንደ ሆነ፣ በእሳት እንደ ተለበለበ ሰማያዊ ሆኖ ይመለሳል።

ነጋ የመካኒኮቹ አለቃ ነው። ሥራ የለመደው በጣሊያን ትልልቅ የጭነት መኪኖች ላይ ነበር፤ እጁም እዚያው ቀርቷል። ኩሽኔታው ላይ የሚዘጋውን የጎማውን የመሀል ዳዶ ሲያጠብቅ መፍቻው ጫፍ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል የብረት ቧንቧ ይሰካና በሆዱ ይተኛበታል። ያልጠበቀ ጎማ መንገድ ላይ ወልቆ ሰው ይፈጃል ባይ ነው። ለግዙፎቹ መኪኖች ይህ ጉልበት ብዙም አይከብዳቸውም ነበር። ትንሹ ኩሽኔታ ግን መሽከርከሪያ ቦታ ሲያጣ ይግላል፤ ሲግል ግራሶ የሚባለው ማለስለሻ ቅባት ይቀልጣል፤ ግራሶው ሲያልቅ ብረት በብረት ይፋጫል።

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንዲት ተሳቢ ቤት ወደ ጋራዡ መጣች። ነጭ ቆርቆሮ ለብሳለች፤ መጋረጃ ያላቸው ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሏት፤ ውስጧ አልጋና የመድኃኒት ቁም ሣጥን አለ። በየገጠሩ እየዞሩ ዓይን የሚያክሙ ሰዎች ያድሩባታል። ላንድሮቨር ይጎትታታል። የጋራዡ ወንዶች እየሳቁ «ቀንድ አውጣ» አሏት። የላንድሮቨሩ ሾፌር ጋሽ እንግዳ ግን ይወዳታል፤ ኪሱ ካለው መሐረብ ግማሹ ለእሷ መስኮት ነው። ከደንበኞቹ ሁሉ ገዲሴን በስሟ የሚጠራትም እሱ ብቻ ነው።

የቀንድ አውጣዋ ፍሬን ብልሃት አለው። ላንድሮቨሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሳቢዋ ከኋላ ትገፋዋለች፤ ያ ግፊት ራሱ የሁለቱን ጎማዎቿን ፍሬን ይስባል። በየጎማው ውስጥ ታምቡር የሚባል፣ ድስት የመሰለ ብረት አለ። የፍሬኑ ሸራ ከውስጥ ተለጥጦ ታምቡሩን ሲይዘው ጎማው ይቆማል። ሸራው ግራሶ ከጠጣ ግን ያዳልጣል እንጂ አይይዝም። ያን ጊዜ ቁልቁለት ላይ ያቺ ቤት በሙሉ ክብደቷ ላንድሮቨሩን ትጋልበዋለች።

በመስከረሙ እድሳት ኩሽኔታዎቹን ያጠበች ገዲሴ ናት፤ ግራጫና ንጹሕ ነበሩ። ነጋ ቧንቧውን ከግድግዳው ሲያወርድ አይታ ከዱካዋ ተነሣች፤ ይቺ እንደ ጭነት መኪና አይደለችም፣ አይጥበቅባት አለችው ቀስ ብላ። ገንዳሽን ጠብቂ አላት። ወንዶቹ ሳቁ። ነጋ ጎማውን ዘግቶ፣ ኮቱን ደርቦ፣ በአቶ ማሞ ፊት ላንድሮቨሩ ላይ ተሳፈረ። አቶ ማሞም እንደ ወትሮው በር ላይ ካለው ወንበራቸው ሆነው እጃቸውን አወዛወዙ።

ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ቀንድ አውጣዋ ተመልሳ መጣች። ሐሙስ ሐኪሙንና እፀገነት የምትባለውን አስታማሚ ይዛ እንደገና ጊቤን ልትወርድ ነው። ጋሽ እንግዳ ገንዳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ የግራው ጎማ ከጥቂት ቀን ወዲህ የተቃጠለ ነገር እንደሚሸት ነገራት። ከዚያም ሳቅ አለ።

«አለቃችሁ ባለፈው ዓለም ገና ላይ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ወረደ እኮ፣ ወይዘሮ ገዲሴ። ሆዱም ዐዋቂ ነው፤ የቆረጠው ልክ ጠጅ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ነው።»

ገዲሴ አልሳቀችም። ዓለም ገና ከጋራዡ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም፤ ሜዳ ነው።

ጥቂት ቆይቶ የግራው ጎማ ኩሽኔታ ገንዳዋ ውስጥ ተጣለ። ጥቁሩን ዝቃጭ ስታጥብለት ከሥሩ ሰማያዊው ወጣ። አጥንቷ ላይ አስደግፋ አዞረችው፤ ጥርስ ለጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ድምፅ አሰማ። ተነሥታ ወደ ጎማው ሄደች። የቀለጠው ግራሶ የፍሬኑ ሸራ ላይ ፈስሶ ሸራው እንደ ጠገበ ስፖንጅ ያብለጨልጫል።

«ይህ ተቃጥሏል፣ አለቃ። ሸራውም ግራሶ ጠጥቷል። ይለወጡ» አለች።

ነጋ ኩሽኔታውን በዓይኑ እንጂ በእጁ አልነካውም። በአዲስ ግራሶ እንደሚመለስ፣ ሸራውም በቤንዚን ታጥቦ በብርጭቆ ወረቀት እንደሚፈገፈግ ነገራት። ሸራ ውስጡ የገባውን ግራሶ ሲግል መልሶ እንደሚያልበው እሱም ያውቃል፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች። ያንኑ ስትነግረው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በመስከረም ማን ዘጋው ብለው አቶ ማሞ እንዲጠይቁ ነው የፈለግሽው?»

ገዲሴ ጆሮዋ ጋለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነጋ የማያውቅ ሰው ይመስላት ነበር። አለማወቅን ዘጠኝ ዓመት ችላዋለች። ይህ ግን አውቆ ነው፤ ስሙ እንዳይነሣ ብሎ ሦስት ሰው ቁልቁለት ሊሰድ ነው።

«ሐሙስስ እስከ ታች ይወርዳሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«የእኔን መውረድ አንቺ ነሽ የምትቈጣጠሪው? እጠቢ ተብለሽ ነው የተቀጠርሽው፤ እጠቢ።»

አንዱ መካኒክ፣ አጣቢዋ ሹመት አምሯታል አለና ሌሎቹ ሳቁ። ገዲሴ ወደ ገንዳዋ ተመለሰች። ኩሽኔታውን በጨርቅ አደረቀችው። ከዚያ መቀነቷን ፈታች፣ ብረቱን ከነቅባቱ ቋጠረችበት፣ መልሳ ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችው፤ ማንንም ሳትሰናበት በበሩ ወጥታ ወደ ቤቷ፣ ወደ ላፍቶ፣ መንገድ ጀመረች። ቀንድ አውጣዋ በክሪክ እንደ ተነሣች፣ አንድ እግሯ አየር ላይ ቀረ።

ላፍቶ ላይ ወንድሟ ደገፋ ጤፍ እያበራየ ነበር። በሬዎቹ በአውድማው ላይ ይዞራሉ። ገዲሴ ከአውድማው ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ ምን ሆነሻል ቢላት ሰው ይመጣል ብቻ አለችው። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ግራሶ አርሶታል። ብረቱ ሆዷን ይወጋታል፤ እንዲወጋት ተወችው።

ዐሥር ሰዓት ግድም ጋሽ እንግዳ የሚነዳው ላንድሮቨር አቧራ እያስነሣ መጣ። ነጋ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወረደና በቀጥታ ወደ እሷ፣ አውድማውን አቋርጦ ተራመደ። ደገፋ መንሹን አግድም ያዘበት።

«ጫማህን አውልቅ። የምትረግጠው እህል ነው።»

ነጋ ወደ ኋላ እንዳይመለስ አፈረ፤ ወደ ፊት እንዳይሄድ መንሹ አለ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ያዘ። ጋሽ እንግዳ ጫማውን ቀደም ብሎ አውልቆ በባዶ እግሩ ቆሞ ነበር። ነጋ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ አንደኛው ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዶ እየታየ፣ ሌባ አላት። የደንበኛ ዕቃ ሰርቃለችና ፖሊስ እንደሚያመጣ ተናገረ።

«አምጣ» አለችው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «ፖሊሱ ፊት ግን ብረቱ ለምን ሰማያዊ ሆነ ብዬ እጠይቅሃለሁ። ዓለም ገና ላይ ለምን እንደ ወረድክም እጠይቅሃለሁ።»

መቀነቷን ፈትታ ኩሽኔታውን ለነጋ ሳይሆን ለጋሽ እንግዳ ሰጠችው። ከጆሮው ሥር አጥንቱ ላይ እንዲያደርገውና ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያዞረው ነገረችው። ሾፌሩ እንዳለችው አደረገ። አንዴ አዞረው። ደገመና አዞረው። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ላይ ጨዋታ የሚባል ነገር አልነበረም።

«በዚህ ነበር ጊቤን ልወርድ?» አለ ወደ ነጋ ዞሮ።

ነጋ በአዲስ ግራሶ አንድ ሁለት ጉዞ እንደሚችል፣ ሴትዮዋ ነገር እንዳገነነች መናገር ጀመረ።

«እንግዲያው ሐሙስ አጠገቤ ትቀመጣለህ» አለው ጋሽ እንግዳ። «እኔ ሳልቆም ሆድ መቁረጥ የለም። ትወርዳለህ?»

በሬዎቹ አንድ ዙር ዞሩ። ነጋ በእጁ ያንጠለጠለውን ጫማ እያየ ቆመ። 

ጋራዡ ሲደርሱ አቶ ማሞ ክራንቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ እንግዳ ከመስከረም እስከ ዛሬ ያለውን ሁሉ ነገራቸው፤ ስለ ዓለም ገናም ነገራቸው። ሽማግሌው ክራንቻውን አንሥተው ነጋ ላይ ጮኹ፣ ተራገሙ፤ ደከማቸውና ተዉት። ከዚያ ድምፃቸውን አለስልሰው ወደ ገዲሴ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ብረት ይዘሽ ከመሄድ መጥተሽ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?»

ይህ ልስላሴ ነው ያነደዳት። ገንዳውን ሲሰጧትም በዚሁ ድምፅ ነበር ልጄ ያሏት።

«ሕጉን አወጡ፤ በቀይ አጻፉት» አለች። «ከዚያ ሥሩ ተቀመጡ። መኪና ሲወጣ እጅዎን ያወዛውዛሉ። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ማን እስከ ታች እንደ ወረደ ጠይቀው ያውቃሉ? ዋቅጅራን የገደለው ፍሬኑ ብቻ አይደለም። የዘጋውን ሰው የት ነህ ያለው አልነበረም። ዛሬም የለም።»

ከወዲያ በኩል የሚመታው መዶሻ ቆመ። ጋራዡ ውስጥ የቆዩት ሰዎች ያን ስም ከሰሙ ዓመታት አልፈዋል።  የአቶ ማሞ የቀረው እግር መሬቱን ቆረቆረ። ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ ነገ አዲስ ኩሽኔታና አዲስ ሸራ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር እንደሚመጣ ተናገሩ፤ ማን ይዘጋዋል ሲሉም ዙሪያቸውን አዩ።

«እኔ» አለች ገዲሴ።

አንድ ሰው ሳቅ ጀምሮ ግማሽ ላይ ተወው።

«የዘጋ ይወርዳል» አሉ አቶ ማሞ።

«ለእኔ ነው የሚነግሩኝ?»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሠራች። ታምቡሮቹን አጥባ እስኪደርቁ ጠበቀች። አዲሱን ሸራ በግራሶ በተነካ እጅ ማንም እንዲይዘው አልፈቀደችም። ግራሶውን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ የኩሽኔታውን ጠርዝ እየጫነች፣ ከአንደኛው ጎን የገባው በሌላው እስኪወጣ ድረስ ሞላችው፤ ግራሶው የመዳፏንም ስንጥቅ ሁሉ አብሮ ሞላው። ጎማውን ሰቅላ በግራ እጇ እያሽከረከረች በቀኟ ዳዶውን አጠበቀች። ጎማው ከበድ ሲላት መለስ አድርጋ አላላችው። ከላይና ከታች ይዛ ነቀነቀችው፤ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ተነቃነቀ። በዚያው ላይ ኮፒሊያውን፣ ዳዶው እንዳይዞር የሚያደርገውን ቀጭን ሽቦ፣ አስገብታ ጫፉን አጠፈችው።

ነጋ ክንዱን አጣጥፎ ሲያያት ዋለ። ይወልቃል፣ ጨርሶ አልጠበቀም እያለ ለሰሙት ሁሉ ተናገረ። ጥላቻ ብቻ አልነበረም፤ እውነትም የሚወልቅ ይመስለው ነበር።  ሰዎቹ ለምሳ ሲወጡ ገዲሴ ወደ ግድግዳው ሄዳ ረጅሙን ቧንቧ አወረደችና ቀንድ አውጣዋ ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር ከተተችው።

ሐሙስ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ላንድሮቨሩ ውስጥ ከእፀገነት ጎን ተቀመጠች። በሩ ጋ ሲደርሱ አቶ ማሞ እጃቸውን አላወዛወዙም። በክራንቻቸው ተደግፈው ተነሥተው መስኮቱን አንኳኩ።

«እስከ ታች?» አሉ።

«እስከ ታች።»

ዓለም ገናን አለፉ፤ ጋሽ እንግዳ ጠጅ ቤቱን በአገጩ አሳያት። ወልቂጤን ሲያልፉ ቁልቁለቱ ጀመረ። ባሏ የወደቀበትን ቦታ አታውቀውም፤ ጋሽ እንግዳንም አልጠየቀችው። እዚህ ስትደርስ የምታለቅስ መስሏት ነበር። እያንዳንዱ ጥምዝ ላይ ግን ገደሉን እንደ ባለዕዳ አፍጥጣ ታየው ነበር፤ ጥርሷ እንደ ገጠመ ነው። ላንድሮቨሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ቀንድ አውጣዋ ከኋላ ትንሽ ትገፋለች፤ ትይዛለች። ደግሞ ትገፋለች፤ ትይዛለች። ገዲሴ በጀርባዋ ነው የምታዳምጣት።

ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ የጊቤ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ሲቆሙ ከሁሉ ቀድማ ወረደች። ኩሽኔታው ባለበት፣ በጎማው እምብርት ላይ፣ መዳፏን አሳረፈች። የቀኙ ሞቅ ብሏል፤ አያቃጥልም። ወደ ግራው ዞረች። እሱም ሞቅ ብሏል፤ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሕፃን ግንባር።  ከዚያ የቀንድ አውጣዋን በር ከፍታ ቧንቧውን ጎትታ አወጣችው። እፀገነት ይህ ለምንድን ነው ብትላት፣ ለምንም አለቻትና ድልድዩ መሀል ድረስ ተሸክማው ሄደች። ጊቤ ውስጥ ስትጥለው ድምፁ ይህን ያህልም አልነበረም።

ነጋ አልተባረረም። አቶ ማሞ እጅ ያለው ሰው ከየት ይመጣል ብለው አስቀሩት፤ ገዲሴም ለዚህ ይቅር አላለቻቸውም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን የወረደ ሰው ሁሉ የተመለሰበትን የአውቶቡስ ቲኬት እንዲያሳያቸው ያዛሉ። ቲኬቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው የተሳፈረበትን ከተማ ስም ጮክ ብለው ያነቡታል።

ሰኞ ጠዋት ነጋ ግድግዳውን ዳበሰ፣ ከመኪኖቹ ሥር ፈለገ፣ ሰው ጠየቀ። በመጨረሻ ገንዳው ፊት ቆመ። ከኋላው ወደ ጅማ የሚሄድ አንድ የጭነት መኪና ጎማው ተፈቶ ይጠብቀዋል።

«ቧንቧዬ የት ነው?»

ገዲሴ ያጠበችውን ኩሽኔታ ወደ አጥንቷ አስጠጋች። አዙራ እስክትጨርስ አላየችውም።

«ጊቤ ወርዷል» አለችው። «አንተን ቀደመህ።»